የክረምት ኤግዚቢሽን በደብረ ታቦር፦ የሥራ ማስታወሻ

ሐምሌ 4 ቀን 2010

ክፍሉ ተገኘ። ከገበያው ወረድ ብሎ ያለ የድሮ ቤት ነው። ባለቤቶቹ እህል ያስቀምጡበት ነበር። ሁለት ክፍል፣ ወፍራም የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ኮርኒስ። ያለ ኪራይ እስከ መስከረም ሰጥተውናል። ሐሳባችን በደቡብ ጎንደር ተወልደው ያደጉ ወጣት ሠዓሊዎች ሥራቸውን አዲስ አበባ ከመውሰዳቸው በፊት እዚሁ እንዲያሳዩ ነው። የምንከፍተው ነሐሴ 13፣ በቡሄ ዕለት።

ለምን በክረምት? ያማከርኩት ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቼ ክረምት ለኤግዚቢሽን የሞተ ጊዜ ነው ይላሉ። ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ሥዕል የሚገዛውም ሰው እስከ መስከረም እጁን ይሰበስባል። ለአዲስ አበባ ልክ ሊሆን ይችላል። ለትንሽ ከተማ ግን ከክረምት የተሻለ ጊዜ የለም። ተማሪው ከዩኒቨርሲቲ ወደ ቤቱ የሚመለሰው አሁን ነው። ልጆች ትምህርት የላቸውም። ውጭ አገር የሚኖር ዘመድም ዕረፍት የሚያገኘው በዚህ ሰሞን ነው፤ ዘንድሮ ደግሞ ብዙ ሰው ይመጣል እየተባለ ነው። ቡሄን ደብረ ታቦር ላይ ማክበር የሚፈልግ ሰው ከየወረዳው ይመጣል። ሰው በሌለበት መስከረም ደረቅ ግድግዳ ከማገኝ፣ ሰው ባለበት ነሐሴ ከእርጥበት ጋር ብታገል ይሻለኛል።

ሐምሌ 8

ጣሪያው ላይ ወጣን። ቆርቆሮው ደህና ነው። ውሃ የሚያስገባው በሚስማሮቹ ዙሪያ ነው። ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት በብርድ ይኮማተራል፤ በዓመታት ውስጥ ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል። ጎማ ባለው ሚስማር ቀየርናቸው። የተረፈውን ቀዳዳ በሬንጅ ደፈንን።

አናጢው ኮርኒሱን አውርደን በችፑድ እንቀይረው ብሎ ነበር። አልተስማማሁም። ማዳበሪያው ነጭ ቀለም ተቀብቷል፣ ብርሃን ይመልሳል፣ የዝናቡንም ድምፅ ያበርዳል። እዚህ ከተማ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን። የሐምሌ ዝናብ በባዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አጠገብህ የቆመውን ሰው አትሰማውም። ደግሞም በዚህ ከተማ ግማሹ ሰው የሚተኛው እንዲህ ባለ ኮርኒስ ሥር ነው። ሰው ሲገባ የራሱን ቤት የመሰለ ቤት ውስጥ ሥዕል እንዲያይ እፈልጋለሁ።

ሐምሌ 13

ጭቃ ግድግዳ ሚስማር አይዝም። ትንሽ ሥዕል ይችል ይሆናል፤ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ሸራ ከነፍሬሙ ግን ልስኑን ይዞት ይወርዳል። ስለዚህ ግድግዳውን ጨርሶ ላለመንካት ወሰንን። ከጣሪያው ተሸካሚ እንጨቶች ላይ ዙሪያውን ሞራሌ መታን። ከሞራሌው ቀጭን ሽቦ ይወርዳል፣ ሥዕሉ በሽቦው ይንጠለጠላል። ቦታ መቀየር ሲያስፈልግ ሽቦውን ማንሸራተት ብቻ ነው።

ከየሥዕሉ ጀርባ በአራቱም ማዕዘን ሁለት ጣት የሚያህል እንጨት ለጥፈናል፤ ሸራው ግድግዳውን እንዳይነካ ነው። ጭቃ በክረምት ውሃ ይመጥጣል። ከኋላ አየር ካልዞረ ሸራው ብዙም ሳይቆይ ይሻግታል።

ስለ ከፍታውም ተከራክረን ነበር። ሙዚየሞች የሥዕሉን መሐል ከወለሉ 150 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ያደርጉታል፤ የቆመ አዋቂ ዓይን እዚያ ስለሚያርፍ። እኛ 135 ላይ አወረድነው። ይመጣል ብለን ከምንጠብቀው ሰው ብዙው ልጅ ነው። አዋቂ ጎንበስ ይላል፤ ልጅ ግን ሊረዝም አይችልም።

ሐምሌ 19

ሥዕሎቹ ከባሕር ዳር መጡ። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሩቅ አይደለም፤ ዝናብ ካለ ግን ሌላ ነገር ነው። ትልልቆቹን ሸራዎች ከፍሬማቸው አውጥተን ጠቀለልናቸው። ሸራ ሲጠቀለል ቀለሙ ወደ ውጭ መሆን አለበት። ወደ ውስጥ ከሆነ ቀለሙ ተጨማዶ ሲዘረጋ ይሰነጠቃል። ጥቅሉን ሰፊ የውሃ ቱቦ ውስጥ ከተን ሁለቱን አፍ በላስቲክ አሰርን። ቱቦው አይሱዙ ላይ ከጤፍ ጆንያ ጋር መጣ፤ ጠብታ ውሃ አልነካውም።

አንዷ ሠዓሊ አዲስ አበባ ያለውን የአለ የሥነ ጥበባትና ዲዛይን ትምህርት ቤት ጨርሳ የተመለሰች ናት። ያ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም ሲከፈት የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ከየአገሩ ነው የሰበሰበው። እስካሁንም እንደዚያው ነው። ክፍለ አገር የተወለደ ልጅ አዲስ አበባ ሄዶ ይማራል፣ እዚያው ያሳያል፣ እዚያው ይሸጣል። አፈወርቅ ተክሌ የአንኮበር ልጅ ናቸው። ገብረ ክርስቶስ ደስታ የሐረር ልጅ ነው። አብዛኞቹን ሥራዎቻቸውን ለማየት ግን የአንኮበርም የሐረርም ልጅ አዲስ አበባ መሄድ አለበት። ይህ ነገር ሁልጊዜ ይቆጨኛል። እዚህ ክፍል ውስጥ አቧራ የምጠርገውም ለዚያ ነው።

ከሥራዎቹ ሁሉ ዓይኔን የያዘው በከሰል የተሠራው ነው። ወረቀቶች ተገጣጥመው ሦስት ሜትር ያህል ይረዝማል። ጋፋት እዚህ አጠገባችን ነው፤ የአፄ ቴዎድሮስ ባለሙያዎች ሴባስቶፖልን ያቀለጡበት ቦታ። 70 ኩንታል የሚሆን መድፍ ከዚህ ተነሥቶ በሰው ጉልበት እየተጎተተ በ1860 መቅደላ ደረሰ። ሠዓሊው መድፉን አልሣለውም። የሣለው ገመዱንና የጎታቾቹን ጀርባ ነው። ጀርባ፣ ጀርባ፣ ጀርባ፤ ከወረቀቱ ጫፍ እስከ ጫፍ።

ሐምሌ 26

የእርጥበት ነገር። መለኪያ ተውሰን ክፍሉ ውስጥ አስቀመጥን። ሙዚየሞች የአየሩን እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ መካከል ለማቆየት ይጥራሉ። እኛ ዘንድ ቀን በር ከፍተን እንኳ ከ70 በታች አይወርድም፣ ሌሊት 80ን ያልፋል። ከ65 በላይ ከቆየ ሻጋታ ይነሣል።

የቤቱ ባለቤት በከሰል ምድጃ እናድርቀው አሉ። አሳባቸው ጥሩ ነው፤ በየቤታችንም የምናደርገው ይሄንኑ ነው። ግን የተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ ለሰውም አደጋ ነው፣ ለሥዕልም ጥቀርሻ ነው። ያደረግነው ሌላ ነው። ከረፋዱ ጀምሮ ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር ሁለቱን መስኮትና በሩን እንከፍታለን፤ ጉም ሲወርድ እንዘጋለን። አንድ ልጅ ኃላፊነቱን ወስዷል። የጉናን ተራራ እያየ ነው የሚሠራው። ጉና ሲሸፈን ወደ መስኮቱ ይሮጣል።

ሸራዎቹ ረግበዋል። ጥጥ በእርጥበት ጊዜ ይላላል። በፍሬሙ ማዕዘኖች ውስጥ ያሉትን ሽብልቆች በትንሽ መዶሻ ቀስ እያደረግን መታናቸው፣ ሸራውም ተመልሶ ተወጠረ። ከሁሉም ያስቸገረው ብራናው ነው። አንድ ዲያቆን በፍየል ብራና ላይ የሣላቸው ትንንሽ ሥዕሎች አሉ። ቆዳ እርጥበት ሲያገኝ ይጠቀለላል፤ ማንም አይከለክለውም። ብራና ፋቂዎች እንደሚያደርጉት ከእንጨት መወጠሪያ ሠራንለት፣ ጠርዙን በክር ዙሪያውን ወጠርነው። እንዲያውም ከመስታወት ይልቅ ይህ አምሮበታል።

በዘይት ቀለም የተሠራ አንድ ሸራ ገና አልደረቀም፤ ጀርባው ክፍል ለብቻው ቆሟል። በዚህ ብርድ መቼ እንደሚደርቅ እግዜር ይወቅ።

ነሐሴ 2

አንዲት እናት በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። ፈትተው ሲያሳዩኝ ሥዕል ያለው የብራና መጽሐፍ ነው።

«ልጄ፣ ይሄንንም ስቀሉት። ከናንተው አያንስም» አሉኝ።

«እማማ፣ እሱማ ይበልጣል እንጂ አያንስም» አልኳቸው። አልሰቀልነውም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት እንዲህ ያለ ቅርስ መጀመሪያ መመዝገብ አለበት። ክፍላችንም ጠባቂ የለውም፣ እርጥበቱም ያስፈራል። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ዝርፊያው ነው። ኮንሶ ሙዚየም ውስጥ ያሉትን ዋካዎች ሳይ የተሰማኝ አይረሳኝም። ለጀግና መቃብር የቆሙ የእንጨት ሐውልቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ከቦታቸው ተነቅለው ሊሸጡ ሲሉ የተያዙ። አንድ ጊዜ «እዚያ ቤት ያረጀ መጽሐፍ አለ» ተብሎ ከተወራ ወሬው ማን ጆሮ እንደሚደርስ አይታወቅም። መጽሐፉን እንዲያስመዘግቡ አብሬያቸው ወደ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። ለመክፈቻው እንዲመጡ ቃል አስገብቻቸዋለሁ።

ነሐሴ 7

ሁለተኛው ክፍል የጅራፍ ነው። ሐሳቡ የልጆቹ ነው። ሰሞኑን በየሠፈሩ ጅራፍ ይገመዳል። አንዱ በልጥ፣ አንዱ በቃጫ፣ አንዱ ደግሞ ከተቀደደ ጆንያ እየፈታ ይገምዳል። እያንዳንዱ የራሱ አገማመድ አለው፤ እጀታው ላይ የሚያስረውም ይለያያል። ጎን ለጎን ሲሰቀሉ የአንዱ ልጅ እጅ ከሌላው እንዴት እንደሚለይ ያስታውቃል።

ችግር መጣ። ቡሄ ዕለት ሁሉም ጅራፉን ይፈልጋል። በመክፈቻው ዕለት ክፍሉ ባዶ ሊሆን ነው። ሠዓሊዎቹ ግማሾቹ «ሌላ ይግመዱ፣ እነዚህ ይቆዩ» አሉ። እኔ ይውሰዱ ባይ ነኝ። ጅራፍ የተሠራው ለመጮህ ነው። ስማቸው የተጻፈበት ወረቀት ይቆያል፣ ጅራፉ ከበዓሉ በኋላ ከነጭቃው ይመለሳል። ተከራክረን በዚሁ ተስማማን።

ነሐሴ 11

መግለጫ ጽሑፎቹ ተለጠፉ። በአማርኛ፣ በትልቅ ፊደል፣ አጭር። የሠዓሊው ስም፣ ከየት እንደሆነ፣ በምን እንደተሠራ። «ከየት» የሚለውን ሰው በጣም እንደሚፈልገው አውቃለሁ፤ ስለዚህ ቀበሌውን ሳይቀር ጽፈናል። ርእስ ያልሰጡትን «ርእስ አልባ» ማለት አልወደድኩም፤ ባዶውን ተውነው።

መብራት ይጠፋል ብለን ስለምናስብ ዋናው ብርሃናችን መስኮቱ ነው። ነጭ አቡጀዲ ወጥረንበታል። ብርሃኑ ለስልሶ ይገባል፣ ለውሃ ቀለሞቹም ይሻላል። ሙዚየሞች ለወረቀትና ለውሃ ቀለም ከ50 ሉክስ በላይ ብርሃን አይሰጡም። እኛ መለኪያው የለንም፤ የውሃ ቀለሞቹን ግን ከመስኮቱ በጣም ራቅ ያለው ግድግዳ ላይ አድርገናቸዋል።

በሩ ላይ ሰጋቱራ በትነን ኬሻ አነጠፍንበት። ቄጤማ እናንጥፍ ያሉ ነበሩ፤ ለበዓል ያምራል፤ ግን እርጥብ ሣር ወደ ውስጥ ማስገባት አልፈለግንም።

ነሐሴ 13

ተከፈተ።

ጠዋት ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ነበር። ትናንት ማታ ችቦው በርቷል፤ ከተማው ገና የችቦ ሽታ አለው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል ሰው መምጣት ጀመረ። መብራት አልነበረም። አቡጀዲው ሥራውን ሠራ።

ጾመ ፍልሰታ ስለሆነ ሙልሙል፣ ቆሎና ጠላ አቀረብን። መጀመሪያ ልጆቹ «ሆያ ሆዬ» እያሉ ከነጅራፋቸው ገቡ። ቀጥሎ እናቶቻቸው። ቀጥሎ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች፤ ብዙዎቹ በሩ ላይ ቆመው «ስንት ነው መግቢያው?» ይላሉ። በነፃ ነው ስንላቸው ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ይገባሉ።

የኔታ መጡ፤ አቋቋም፣ የቤተ ክርስቲያንን ዜማ ከመቋሚያ ጋር፣ ያስተምራሉ። አለቃ ተክሌ ያስተማሩት የአቋቋም ስልት፣ የተክሌ ዝማሜ የሚባለው፣ እዚህ ነው የጸናው፤ ስለዚህ ከሥራዎቹ አንዱ የመቋሚያ እንቅስቃሴ የሚያሳይ ተከታታይ ንድፍ ነው። የኔታ ፊቱ ረጅም ጊዜ ቆሙ። ከዚያ ሠዓሊውን ጠርተው «ይቺ አራተኛዋ እጅ ቀድማለች» አሉት። ልጁ ያለ ማመንታት «ልክ ነዎት፣ የኔታ» አለ። አሁን እያስተካከላት ነው። ይህን ሊያይ የሚችል ዓይን ሌላ ከተማ ያገኝ ነበር?

የሴባስቶፖል ሥዕል ፊት ብዙ ሰው ዝም ብሎ ይቆማል። አንድ ከጋፋት በኩል የመጡ ሽማግሌ ገመዱን በጣታቸው ሳይነኩ እየተከተሉ እስከ ጫፉ ሄዱ። «ዳገቱ ላይ ናቸው» አሉ። ሠዓሊው ዳገት አልሣለም፤ መሬት ጭራሽ የለውም። ከጀርባዎቹ ነው ያነበቡት።

ነሐሴ 17

ዛሬ የሆነውን በዝርዝር ልጽፈው።

ከአለ የተመረቀችው ሠዓሊ የአያቷን ሥዕል አምጥታለች። አያቷ ምድጃ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ወደ ጎን ነው፣ የሚታየው አንድ ዓይን ነው። እኔ በጣም የምወደው ሥራ ነው። አንዲት ባልቴት መጥተው ደጋግመው አዩትና ጠየቁ፦

«ይቺ ሴት ምን በድላ ነው?»

ሠዓሊዋ ደነገጠች። እኔ ግን ገባኝ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ቅዱሳን ፊታቸውን ሙሉ ለሙሉ ወደኛ አዙረው፣ በሁለት ዓይናቸው ያዩናል። በአንድ ዓይን፣ በጎን የሚሣለው ክፉው ነው፤ ሰይጣን፣ አሳዳጅ ወታደር፣ በመጨረሻው እራት ላይ ይሁዳ። እኚህ እናት ዕድሜ ልካቸውን ቅዳሴ ሲያስቀድሱ ያዩት ሥዕል ይህ ነው። ሥዕል ማንበብ ያውቃሉ። ጥያቄያቸውም የባለሙያ ጥያቄ ነው።

«እማማ፣ አያቴ ናት። እሳቱን እያየች ስለሆነ ነው» አለች ሠዓሊዋ።

«ታዲያ ለምን አትጠሪያትም? ትዙርልሽ» አሏት።

ልጅቷ ማታ እስክንዘጋ እዚያው ሥዕል ፊት ነበረች። ትምህርት ቤት የጎን ፊት መሣል የአጥንትን ቅርጽ ለመማር የሚሠራ መልመጃ ነው፤ በደል የለበትም፣ ጽድቅም የለበትም። እዚህ ግን ትርጉም አለው፤ ከአርቲስቷ በፊት የነበረ ትርጉም። አንድ ሠዓሊ ይህን ካወቀ በኋላ ሁለቱንም መጠቀም ይችላል። ካላወቀ ግን የገዛ አያቱን ሳያስበው ከይሁዳ ጎን ያስቀምጣል። አዲስ አበባ ያለ ጋለሪ ውስጥ ስለ ብርሃኑ ይነገራት ነበር፤ ስለ ቀለም አጣጣሏ ይነገራት ነበር። ይህንን ግን ማንም አይነግራትም።

ማታውን አዲስ ሥዕል ጀምራለች። ያው ምድጃ፣ ያቺው አያት፣ አሁን ተጠርታ ስትዞር። አቡጀዲ ላይ በጄሶና በኮላ ነው የምትሠራው። ሲያልቅ ከመጀመሪያው አጠገብ ይሰቀላል፤ የመጀመሪያውን አናወርደውም።

ነሐሴ 25

ሽያጭ። ትንንሽ ንድፎች ተሸጡ፤ አንድ መምህር በሁለት ደመወዝ ከፍሎ የሚጨርሰው የውሃ ቀለም ወሰደ። ከዋሽንግተን የመጣ የከተማው ልጅ ሁለት ሸራ ገዛ። እኛ ከሽያጩ ምንም አንወስድም።

ሴባስቶፖልንም ሊገዛው የፈለገ ነበር፤ ጥሩ ዋጋ ነው የሰጠው። ሠዓሊው «ይሄ ከዚህ ከተማ አይወጣም» አለ። በጣም ደስ አለኝ፣ ወዲያውም አሳሰበኝ። የት ይቀመጣል? ሦስት ሜትር ወረቀት፣ ከሰሉም በንክኪ የሚለቅ። ደረቅ ግድግዳ ያለው፣ የሚዘጋ፣ ለሕዝብ ክፍት የሆነ አንድ ክፍል ያስፈልገዋል። ሐረር ያለው የሸሪፍ ሙዚየም በአንድ ሰው የግል ስብስብ ነው የጀመረው፤ ዛሬ የራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ ነው። ከአንድ ቤት ተነሥቶ ሙዚየም መሆን ይቻላል። ለዚያ ግን በየወሩ ጣሪያውን የሚያይ ሰው መኖር አለበት። ገንዘብ ከዚያ በኋላ ነው።

ጳጉሜን 3

ማውረድ ጀመርን። እያንዳንዱን ሥራ ወደ መስኮቱ እየወሰድን ፊቱንም ጀርባውንም አየን። አንድ ሸራ ጀርባው ላይ ግራጫ ሻጋታ ጀምሮ ነበር። ደጅ አውጥተን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ጠረግነው፣ አፋችንን ሸፍነን። ሌሎቹ ደህና ናቸው። ያ በዘይት ቀለም የተሠራው አሁንም ጥጉ ላይ ጣት ይይዛል። ለሚቀጥለው ክረምት በዘይት የሚሠሩ ሁሉ እስከ ሚያዝያ መጨረስ እንዳለባቸው ነግረናቸዋል።

ሴባስቶፖል በሁለት ጠፍጣፋ ችፑድ መካከል፣ በንጹሕ ወረቀት ተሸፍኖ አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ገብቷል፤ ከመሬት ከፍ ብሎ በመደርደሪያ ላይ። ለጊዜው ነው።

ቁልፉን ለመመለስ ስንሄድ ባለቤቶቹ አልተቀበሉንም። አዲሱ እህል እስኪገባ እስከ ኅዳር ያዙት አሉ። ሠዓሊዋ ወዲያው ስለ ስፌት አነሣች። ሰንደዶ የሚነቀለው አሁን ነው፣ አክርማውም ይደርሳል። ከመስቀል በኋላ መሶብና ሌማት የሚሰፉ እናቶችን ሰብስበን እዚሁ እየሰፉ ሰው እንዲያያቸው እናድርግ ነው ሐሳቧ። መሶብ ሽቦ ላይ አይሰቀልም፤ ዝቅ ያለ መደብ ያስፈልገዋል። አናጢው ነገ ጠዋት ለመለካት ይመጣል።